«አይጠቅመኝም» የማለት መብት በሱቅ ዐረቢ ሲፈተን

በዕድሜ የገፉ ሰዎች እንደ ኮምፒዩተርና እንደ ዘመናዊ የእጅ ስልክ ያሉትን መሣሪያዎች ለምን ይቀበላሉ? ለምንስ አይቀበሉም? ይህ ጥያቄ ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት በየአገሩ ብዙ ምሁራንን ሲያመራምር ቆይቷል። ከቀረቡትም ጥናቶች መካከል ለመምህራንና ለተማሪዎች ይበልጥ ትምህርት ሰጪ ሆኖ ያገኘነው የብሪታንያዊው ምሁር የኒል ሴልዊን ሥራ ነው። ሴልዊን ጥናቱን ባቀረበበት ጊዜ በካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ነበር፤ ከጊዜ በኋላም ወደ አውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሯል። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የጥናቱን ፍሬ ነገር ባጭሩ እናቀርባለን። ቀጥሎም ጥናቱን ከተወለደበት አገር አውጥተን በጎረቤታችን በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም፣ ሱቅ ዐረቢ በተባለው ገበያ ላይ እንፈትነዋለን። ሒስ ማለት ማጣጣል እንዳልሆነ አንባብያን ያውቃሉ። የአንድ ሐሳብ ብርታት የሚታወቀው ከተነሣበት ቦታ ርቆ ሲፈተን ነው። የሱዳንና የሌላው ዓለም ዘመናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችን ግን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውሳለን።

ጥናቱ ምን ይላል?

ከሴልዊን በፊት ሁለት አስተሳሰቦች መድረኩን ይዘውት ነበር። የመጀመሪያው አሜሪካዊው ኤቨረት ሮጀርስ በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ነው። ሮጀርስ አዲስ ነገር በኅብረተሰብ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራጭ ሲያስረዳ ሰዎችን በአምስት ክፍል መደባቸው። በፊት የሚሰለፉት ፈር ቀዳጆቹ ሲሆኑ በመጨረሻ የሚመጡት ደግሞ «ወደ ኋላ የቀሩ» ተባሉ። ሁለተኛው ፍሬድ ዴቪስ በ1989 ያቀረበው ነው። እንደ ዴቪስ አባባል አንድ ሰው መሣሪያን የሚቀበለው ሁለት ነገር ሲያምን ነው፤ ይኸውም «ይጠቅመኛል» ብሎ፣ እንዲሁም «አጠቃቀሙ አያስቸግረኝም» ብሎ ሲያምን። በ2014 ኬ ቼንና አለን ቻን የተባሉ ተመራማሪዎች በሆንግ ኮንግ ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 1012 ሰዎችን ጠይቀው፣ ይህንኑ የዴቪስን አስተሳሰብ ለአረጋውያን እንዲስማማ አድርገው አስፋፉት። የጤናን ሁኔታ፣ የመሣሪያ ፍርሃትንና በራስ መተማመንን ጨመሩበት።

እነዚህ ሥራዎች ሁሉ ጥቅም አላቸው። ይሁን እንጂ ዐይናቸው በአብዛኛው ያረፈው በሰውየው ላይ ነው። ሰውየው ያምናል ወይስ አያምንም? ይፈራል ወይስ ይደፍራል? ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል? እኛ መምህራን ይህን ዐይነቱን አመለካከት ከመማሪያ ክፍል እናውቀዋለን። አንድ ተማሪ «ሰነፍ» የሚል ስም ከተለጠፈበት በኋላ፣ ትምህርቱ እንዴት እንደተሰጠ፣ መጽሐፉ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ፣ ልጁም ቁርሱን በልቶ መምጣቱንና አለመምጣቱን የሚጠይቅ አይገኝም። ለሮጀርስ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ እሱ ራሱ በመጽሐፉ ኋለኛ እትሞች ላይ ጥፋቱን ሁሉ በግለሰቡ ላይ የመጫን ዝንባሌ እንዳለ ገልጾ ተመራማሪዎችን አስጠንቅቋል። ስሙ ግን ከተለጠፈ በኋላ አልተፋቀም።

ሴልዊን ይህን ልማድ ሰበረ። በ2003 ከሦስት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ባቀረበው ጥናት፣ በእንግሊዝና በዌልስ ከተጠየቁት 1001 ሰዎች መካከል ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያላነሰውን 352 ሰዎች ለይቶ መረመረ። ኮምፒዩተር የሚጠቀሙት ጥቂቶቹ ብቻ ሆነው ተገኙ። እነሱም ቢሆኑ በጾታ፣ በዕድሜ፣ በትዳር ሁኔታና በትምህርት ደረጃ የተለያዩ ነበሩ። በሚከተለው ዓመት በ2004 ደግሞ ቁጥርን ትቶ ወደ ንግግር ገባ፤ ከ35 አረጋውያን ጋር ሰፋ ያለ ቃለ ምልልስ አደረገ። ከሁለቱም ጥናቶች የወጣው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ብዙዎቹ አረጋውያን ኮምፒዩተርን ያልተጠቀሙት ፈርተው ወይም አእምሯቸው ደክሞ ሳይሆን፣ ለኑሯቸው የሚሰጠው ፋይዳ ስላልታያቸው ነው። ስለዚህም፣ ይላል ሴልዊን፣ አረጋውያኑን ለመሣሪያው እንዲመቹ ከመለወጥ ይልቅ መሣሪያውን ለአረጋውያኑ እንዲመች መለወጥ ይሻላል።

ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። «አይጠቅመኝም» ያለውን ሽማግሌ እንደ ታማሚ ሳይሆን አመዛዝኖ እንደሚፈርድ ሰው ቆጥሮታል። ምሁሩ ለአረጋውያን የመለሰላቸው ክብር ይህ በመሆኑ ጥናቱን እናደንቃለን። ጥያቄያችንም የሚነሣው ከዚሁ ላይ ነው። «አይጠቅመኝም» የማለት መብት በምን ላይ የቆመ ነው?

ገበያው

ሱቅ ዐረቢ በካርቱም መካከል፣ በታላቁ መስጊድ አካባቢ የተዘረጋ ገበያ ነው። ከጦርነቱ በፊት ወርቅ ሻጩ፣ ገንዘብ መንዛሪው፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ የስልክ ሱቁ፣ አውቶቡስ የሚጠብቀው መንገደኛ ሁሉ የሚተራመስበት ስፍራ ነበር። «ሲት አሽ-ሻይ» የሚባሉት ሻይና ቡና ሻጭ ሴቶች በከተማው ጎዳናዎች ዳር ትንንሽ በርጩማዎቻቸውን ዘርግተው ይሠሩ ነበር፤ ከእነሱም መካከል ኢትዮጵያውያትና ኤርትራውያት ጥቂት አልነበሩም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከአገራችን ተሰደው በካርቱም ከኖሩት ወገኖች መካከል በዚያው ያረጁ ብዙዎች ናቸው።

በሱዳን የመጀመሪያው የእጅ ስልክ ድርጅት ሞቢቴል ሥራ የጀመረው በ1997 ነው። ሚርያም ደ ብራይንና ኢንገ ብሪንክማን የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች ከሱዳናውያን ባልደረቦች ጋር በካሪማ፣ በካርቱምና በጁባ ያደረጉትን ጥናት በ2008 ሲያሳትሙ፣ የእጅ ስልክ በሰዎች ኑሮ ውስጥ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ አሳይተዋል። ሕዝቡም ባንክ ሳያስተምረው የራሱን ዘዴ ፈጠረ። በካርቱም የሚሠራ ልጅ የስልክ ሒሳብ ገዝቶ ወደ ገጠር ወደ እናቱ ስልክ ያስተላልፋል። በመንደሩ ያለ ነጋዴም ሒሳቡን ተቀብሎ ለእናቲቱ ጥሬ ገንዘብ ይቆጥርላታል። እናቲቱ ፊደል ላትቆጥር ትችላለች። የልጇን ድምፅና የነጋዴውን ፊት ግን ታውቃለች፤ ይህም ይበቃታል።

እስከዚህ ድረስ ሱቅ ዐረቢና ሴልዊን ይስማማሉ። መሣሪያው ለኑሮ ፋይዳ ሲኖረው አረጋውያን ያለ ዘመቻና ያለ ልመና ይቀበሉታል። በውጭ አገር ልጅ ያላቸው የእኛ አገር እናቶችም «ኢሞ» በሚባለው ዘዴ የልጃቸውን መልክ ለማየት የተማሩት የአጠቃቀም መመሪያ አንብበው እንዳልሆነ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ናፍቆት መምህር ሆኗቸዋል።

ፈተናው

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ፈነዳ። የካርቱም መሐል የጦር ሜዳ ሆነ። ሱቅ ዐረቢ ተዘረፈ፤ ተቃጠለም። የባንክ ቅርንጫፎች ተዘጉ፤ ብዙዎቹም ተሰበሩ። የሱዳን ሠራዊት የከተማውን መሐል መልሶ የያዘው በመጋቢት ወር 2025 ነበር። በነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ የጥሬ ገንዘብ እጥረት በየቦታው ጸና። እጥረቱ አዲስ አልነበረም፤ በ2018ም ሕዝቡ በባንክ በር ላይ ተሰልፎ ውሏል። በጦርነቱ ጊዜ ግን የሚሰለፍበት በር ራሱ ጠፋ።

በዚህ ጊዜ «ባንካክ» የተባለው የካርቱም ባንክ የስልክ አገልግሎት የብዙ ሰው የገንዘብ ቦርሳ ሆነ። የስሙ ትርጉም «ባንክህ» ማለት ነው። ደመወዝ፣ ከውጭ አገር የተላከ ርዳታ፣ የዳቦና የመድኃኒት ዋጋ፣ የቤት ኪራይ፣ የመሸሻ መኪና ክፍያ ሳይቀር በዚሁ ይተላለፍ ጀመር። ሻይ ሻጮች እንኳ «ኢሽዓር»፣ ማለትም ገንዘቡ ለመተላለፉ በስልክ ላይ የሚወጣውን ማረጋገጫ እያዩ ይሸጡ ነበር። በኅዳር 2024 ደግሞ የ500 እና የ1000 ፓውንድ ኖቶች እንደሚለወጡ ታወጀ፤ ልውውጡም ሠራዊቱ በያዛቸው ግዛቶች በታኅሣሥ ተጀመረ። አሮጌውን ኖት ይዞ የተገኘ ሰው ገንዘቡን ወደ ባንክ ሒሳብ ማስገባት ነበረበት።

አሁን አንድ ሰው በሐሳባችን እንሣል። ዕድሜያቸው ሰባ የሆነ፣ አርባ ዓመት በሱቅ ዐረቢ ጨርቅ የሸጡ፣ ሰው ሁሉ «ያ ሐጅ» እያለ የሚጠራቸው ነጋዴ ናቸው እንበል። ሒሳባቸውን በቃላቸው ይይዛሉ፤ ዱቤያቸውን በደብተር ይጽፋሉ። ስልክ ለመደወያ ብቻ ነበር የሚፈልጉት። ከጦርነቱ በፊት «ይህ ባንካክ ይስማማዎታል ወይ?» ተብለው ቢጠየቁ «እኔን አይጠቅመኝም» ይሉ ነበር፤ ሴልዊንም በትክክል ይመዘግበው ነበር። ከጦርነቱ በኋላስ? ሱቃቸው ተቃጥሏል። ወደ ሰሜን ተሰደው በዘመድ ቤት ተጠግተዋል። ልጃቸው ከሳዑዲ ዐረቢያ የሚልክላቸው ገንዘብ በባንካክ ብቻ ይገባል። ስለዚህ ባንካክ ተከፈተላቸው። በዴቪስ አቆጣጠር «ተቀባይ» ሆኑ። በባንኩ መዝገብም «ተጠቃሚ» ናቸው። ነገር ግን ስልኩ የእህታቸው ልጅ ነው፤ የምሥጢር ቁጥሩንም የሚያውቀው እሱ ነው። ሽማግሌው ገንዘባቸው ምን ያህል እንደቀረ የሚያውቁት ልጁ ሲነግራቸው ነው።

እኚህን ሰው በየትኛው ክፍል እንመድባቸው? ተቀብለዋል እንዳንል አልመረጡም፤ አልተቀበሉም እንዳንል ደግሞ በየሳምንቱ ገንዘብ ይገባላቸዋል። የሴልዊን ጥናት ወሰን የሚታየው እዚህ ላይ ነው። እሱ ያነጋገራቸው የብሪታንያ አረጋውያን «ኮምፒዩተር አይጠቅመኝም» ብለው ሲያበቁ ወደ ባንኩ መስኮት ወይም ወደ ፖስታ ቤት ሄደው ጉዳያቸውን መጨረስ ይችሉ ነበር። እምቢታቸው ክብር የነበረው ሌላው በር ክፍት ስለነበረ ነው። ሌላው በር ሲዘጋ ግን ያው ቃል ትርጉሙ ይለወጣል፤ «አይጠቅመኝም» ያለ ሰው ያለ ዳቦ ያድራል። ስለዚህ አንድ አረጋዊ መሣሪያን ተቀበለ ወይም አልተቀበለም ከማለታችን በፊት ባይቀበል ምን ይደርስበት እንደነበር መጠየቅ ይገባናል። ይህን ጥያቄ ያላነሣ ጥናት ፈቃድንና ግዴታን በአንድ ዓምድ ይደምራል።

የሦስተኛው እጅ ጉዳይ

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሣ ሌላ ነገር አለ። በአረጋዊውና በመሣሪያው መካከል ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል አንድ ሦስተኛ እጅ ይገባል። ቡልጋሪያዊት ተወላጅ የሆነችው ማሪያ ባካርጂየቫ በ2005 ባሳተመችው መጽሐፏ ለዚህ ሰው ስም ሰጥታዋለች፤ «ሞቅ ያለው ባለሙያ» ብላዋለች። ይህ ሰው ከጀማሪው ይበልጥ መሣሪያውን ያውቃል፤ ከመሐንዲሱ ይበልጥ ደግሞ ጀማሪውን ያውቃል። ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ጎረቤት ወይም ወዳጅ ሊሆን ይችላል።

ስያሜው ጥሩ ነው። በሱቅ ዐረቢ ተወላጆች ላይ የደረሰው ግን የዚህን ሞቃት እጅ ሌላ ጎን ያሳያል። በየካቲት 2024 በሱዳን የስልክ መሥመር በአብዛኛው አገር ተቋረጠ። ሰዎች በሳተላይት የሚሠራውን ስታርሊንክ የተባለ መሣሪያ ወደያዙ ሰዎች እየሄዱ በሰዓት እየከፈሉ ባንካካቸውን ይከፍቱ ጀመር። በባንካክ ያለውን ገንዘብ ወደ ጥሬ ገንዘብ ለመለወጥም ከፍ ያለ ኮሚሽን የሚቆርጡ ነጋዴዎች በየቦታው ተነሡ። ሐሰተኛ ኢሽዓር አሳይተው ዕቃ የሚወስዱ አጭበርባሪዎችም ታዩ። ስልኩን ራሱ የሚያንቀሳቅስ ጎልማሳ ይህን ሁሉ እያየ ይከራከራል። ስልኩን በሌላ ሰው እጅ የሚያይ አረጋዊ ግን ስንት እንደተቆረጠበት፣ ማን እንደቆረጠበት፣ ገንዘቡ ለማን እንደሄደ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ለእሱ የቤተ ዘመድ ፍቅርና የባንክ ጥበቃ አንድና ያው ሆነዋል። ዘመዱ ደግ ከሆነ ይድናል፤ ካልሆነ ግን አቤት የሚልበት የለውም።

በካርቱም ላረጁት ወገኖቻችን ሸክሙ እጥፍ ነበር። ዐረብኛ መናገር ማለት ዐረብኛ ማንበብ ማለት አይደለም። በገበያ ሠላሳ ዓመት በዐረብኛ ሲደራደሩ የኖሩ እናት በስልኩ መስታወት ላይ የተጻፈውን ለማንበብ የሰው ዐይን ያስፈልጋቸዋል። ጦርነቱ ሲነሣ በገላባት በኩል ወደ መተማ ከተሻገሩት መካከል እንዲህ ያሉ አረጋውያን ነበሩ።

በአንጻሩ፣ «ችግር በቅቤ ያስበላል እንዲሉ፣ ግዴታውም ቢሆን አስተምሯቸዋል» የሚል አይጠፋም። ከፊሉ እውነት ነው። ባንካክ ባይኖር ኖሮ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ለብዙ ቤተሰብ ባልደረሰ ነበር፤ ስለዚህ መሣሪያውን የምንወቅስበት ምክንያት የለንም። ግዴታ ግን ወደ መሣሪያው ያደርሳል እንጂ መሣሪያውን አያስተምርም። ወደ ወንዝ የተገፋ ሰው ሁሉ ዋና አይለምድም፤ አንዳንዱ የሚሻገረው በሰው ጀርባ ላይ ሆኖ ነው። በሰው ጀርባ የተሻገረውን «ዋናተኛ» ብሎ መመዝገብ ደግሞ ሲመለስ ውሃው እንዲወስደው መፍረድ ነው።

ለእኛ ምን ትምህርት አለው?

ይህ ጉዳይ የሱዳን ብቻ አይደለም። በአገራችን ቴሌብር አገልግሎት የጀመረው በግንቦት ወር 2013 ነው። ከሚያዝያ ወር 2015 ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ብዙም ሳይቆይ በመላ አገሪቱ፣ የነዳጅ ክፍያ በስልክ እንዲሆን ተደረገ። በዚያ ሰሞን ለሽማግሌው ባለታክሲ ጉዳዩ የመቀበልና ያለመቀበል ጥያቄ አልነበረም፤ ነዳጅ የመቅዳትና ያለመቅዳት ጥያቄ ነበር። እርግጥ ቴሌብር ተራ ቁልፍ ባለው ስልክም የሚሠራ፣ ከአንድ በላይ በሆኑ የአገራችን ቋንቋዎችም የሚናገር መሆኑ ጥሩ ነው፤ ሴልዊን «መሣሪያው ለሰዎቹ ይመች» ያለውን በከፊል ይፈጽማል። ቢሆንም ቋንቋው የሚጠቅመው ለሚያነብ ሰው ነው።

በዚህ ረገድ እኛ መምህራን ከሆንግ ኮንግም ከዌልስም የማናንስበት አንድ ልምድ አለን። በሐምሌ 1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተማሪዎችና መምህራን በዕድሜ ከአያቶቻቸው እኩል ከሆኑ ሰዎች ፊት ጥቁር ሰሌዳ ይዘው ቆመዋል። ትምህርቱም ቀስ በቀስ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ያ ዘመቻ ጉድለቶች ነበሩት፤ ብዙው በትእዛዝ የተፈጸመ ነበር፤ ከፊደል በኋላ የሚነበብ ነገር ያጡ ብዙ ሰዎችም የተማሩትን ረስተዋል። ይሁንና ሁለት ነገር አስተምሮናል። አንደኛ፣ ሽማግሌ በራሱ ቋንቋና በራሱ ሰዓት ካስተማሩት ይማራል። ሁለተኛ፣ የተማረው የሚጸናው በራሱ እጅ ዘወትር ሲሠራበት ነው። ስሙን ሌላ ሰው የሚፈርምለት ገበሬ ፊደል ቆጠረ አይባልም ነበር። ታዲያ የምሥጢር ቁጥሩን ሌላ ሰው የሚነካለት አረጋዊ ዛሬ በምን ሒሳብ «የዲጂታል ተጠቃሚ» ይባላል?

ስለዚህ አንድ ተማሪ ወይም መምህር ስለ አረጋውያንና ስለ አዲስ መሣሪያ የተጻፈ ጥናት ሲያነብ ሦስት ጥያቄዎችን በእጁ ይዞ እንዲያነብ እንመክራለን። ሌላው በር ክፍት ነበር ወይስ ተዘግቶ ነበር? ስልኩ በማን እጅ ነበር? መሥመሩ በተቋረጠ ቀንስ አረጋዊው ምን ይዞ ቀረ? የሴልዊን ጥናት ከብዙዎች የተሻለ ሆኖ ያገኘነው አረጋዊውን እንደ ሙሉ ሰው ስላዳመጠው ነው። ሦስቱ ጥያቄዎች ሲጨመሩበት ደግሞ ከዌልስ አልፎ ለካርቱምም፣ ለመተማም፣ ለአዲስ አበባም ይሠራል።

ለተማሪዎቻችን ደግሞ ከጥናት ይልቅ የሚቀርብ ሥራ አለ። አያትህ ስልካቸውን ሲዘረጉልህ ቀምተህ በአንድ አፍታ ጨርሰህ መመለስ ለአንተ ቀላል ነው፤ ለእሳቸው ግን ነገም ሊለምኑህ ነው። ስልኩን በእጃቸው ላይ ተወው። ጣታቸው ቢዘገይ ታገሥ። የላኩት ገንዘብ ለማን እንደሄደ ከመስታወቱ ላይ ቁጥሩን አንድ በአንድ እያሳየህ አስረዳቸው። ለማንበብ የማይችሉ ከሆነም ቁጥሮቹን በመልካቸው እንዲለዩ አስተምራቸው፤ የብር ኖቱን በመልኩ ለይተው የኖሩ ናቸውና ይህ አያቅታቸውም። የምሥጢር ቁጥራቸውን ሲጽፉ ፊትህን ወደ ሌላ አዙር። ከዚያ በኋላ «ይህ ነገር አይጠቅመኝም» ቢሉህ፣ ያን ጊዜ አውቀው የፈረዱት ነውና አክብረህ ተቀበላቸው።